ከላሟ ጅራት ሥር የመጣው ቃል

ቤሪልዬ፣ ነይ እስቲ ጠጋ በይ፣ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ። ወተት ታበዢያለሽ አይደል? ዝናቡስ ምን ነካው ዘንድሮ... የአዳራሹ ጣሪያ እንደገና ማፍሰስ ጀመረ። ተይ፣ በሩን አትዝጊው፣ አየር ይግባ። ወዲያ ወንበር የሚደረድሩ ሰዎች ቢሰሙንስ? ሰው እያመሰገንን አይደል እንዴ?

የገና ተውኔታችን ግን እንዴት አማረ። ላሟን በባቄላ ለውጦ ግዙፉን ሰው የሚጥለውን ልጅ ሴት መጫወቷ ያው የቆየ ደንብ ነው፣ ማንም አይገረምም። ደግሞ አንዳንድ ሰው... ስም አልጠራም፣ ለክብራቸው ስል አንቱ ልበላቸው... ያ አጭር ሱሪ፣ ያ ረጅም ቦት ጫማ እንዴት ያምርባቸዋል። ደረጃውን ሲወጡ ጉልበታቸው ሲንቋቋ ለግዙፉ ሰው ኮቴ የሚመታ ከበሮ እንኳ አላስፈለገንም። እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁም ያንኑ ልጅ ነበር የሚጫወቱት። ልጁ ይኸው እስከዛሬ አላደገም፣ እሳቸው ጠብቀውልናል።

እኔ ያው የላሟ የኋላ እግር ነኝ። የቧንቧ ሠራተኛው ክላይቭ ከፊት ራሷን ይዞ፣ እኔ አጎንብሼ የክላይቭን ወገብ ይዤ። አምና የልጅ ልጄ ፖፒ፣ አንቺ የት ነበርሽ ብትለኝ ጅራቱን አሳየኋት። አንጀቴን በላችው። ለዚህ ነው አንዴ እንኳ ፊቴ ይታይ ብዬ ለከርሞ የልጁን ቦታ ልጫወት ብዬ ስሜን ያስመዘገብኩት። ሻዩ እንዳለቀ ለምርጫው እጅ ይወጣል፣ ታውቂያለሽ።

ግን እኔ ማን ነኝና ነው ከእሳቸው ጋር የምወዳደረው? የተውኔቱን የመጨረሻ ሁለት ስንኞች ከመክፈቻው ዕለት በፊት ጮክ ብሎ ማለት ገደ ቢስ ነው ይባል የለ? ሌሎቻችን በልባችን እያጠናን በአፋችን እንዘለዋለን። እሳቸው ግን እንዴት ያሉ ጠንቃቃ ናቸው... ልምምድ ላይ አላሉትም፣ ቤታቸው አላሉትም፣ በልባቸውም አላሉትም። እንደሳቸው ያለ ደንብ አክባሪ ከየት ይገኛል?

መክፈቻው ዕለት ግዙፉ ወደቀ፣ ሰርጉ ተደገሰ፣ እሳቸው እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወደፊት ራመድ አሉ። ከዚያ... ዝም። እንዴት ያለ ግርማ ያለው ዝምታ መሰለሽ። ተመልካቾቹ ልጆች እንደልማዳቸው የጨዋታው ክፍል መስሏቸው «ከኋላህ ነው! ከኋላህ ነው!» እያሉ ይጮሃሉ። ዞር ቢሉ የላሟ መቀመጫ ነው፣ እኔ ነኝ። አላስቻለኝም። ከጅራቱ ሥር ሆኜ፣

«ላማችን ተመልሳ ግዙፉም ወድቋል፣
ደህና ግቡ ልጆች፣ ተረታችን አልቋል»

ብዬ ጨረስኩት። አዳራሹ ተናወጠ። ከፊት የተቀመጡት ቄሳችን ከሳቃቸው ብዛት መነጽራቸውን ጣሉ። እሳቸውም፣ ጨዋ አይደሉ፣ ጭብጨባው ሜዳ ላይ እንዳይቀር እጅ ነስተው ተቀበሉት። ኋላ ለቄሱ፣ ላሟ ትናገር ያልኩት እኔ ነኝ ብለው በትሕትና ሲያስረዱ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔማ የላሟ ዚፕ አልከፈት ብሎኝ እዚያው አጠገባቸው አጎንብሼ ነበር።

አልተቀየምኩም። ለምን እቀየማለሁ? ፖፒ ትምህርት ቤት ሄዳ የተናገረችው ላም አያቴ ናት እያለች ስትኮራ ነው የሰነበተችው። ሰው ሁሉ መንገድ ላይ እያስቆመ ስንኙን በይልን ይለኛል። ፊቴ ባይታይም አውቀውኛል፣ ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

ይኸው እየጠሩን ነው። ስሜን ከመዝገብሽ ሰርዢልኝ ቤሪልዬ፣ እጄን የማወጣው ለእሳቸው ነው። ላሟንም ትቻለሁ፣ ክላይቭም ወገቤን ብሎ ትቷታል። ከርሞ እኔና ፖፒ ከፊት ወንበር ቁጭ ብለን፣ ከረሜላችንን ይዘን፣ ያንን የመጨረሻ ስንኝ ከራሳቸው አፍ እንሰማለን። እግዜር ዕድሜና ጤና ይስጣቸው፣ ጉልበታቸውን ያጽናላቸው... ከፊታቸው ጭብጨባ፣ ከኋላቸው ላም አያሳጣቸው።