በመስኮት ላይ የታረመው የጋሽ ለምን ሕይወት

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ ጎረቤቶችና ወዳጆች፤ አሁን የምትሰሙት ጽሑፍ ትናንት ቀኑን ሙሉ በሳምንታዊ ጋዜጣችን ቢሮ መስኮት ላይ ተለጥፎ የዋለ፣ አላፊ አግዳሚው ያነበበውና ቀይ እርሳስ ያረፈበት መሆኑን አስቀድሜ ላሳውቃችሁ። እንዲህ እንዲደረግ ያዘዙት ራሳቸው ሟቹ ናቸው፤ «እኔ ስሞት ውዳሴ ብቻ እንዳይደረደርብኝ፤ መስኮት ላይ ሳይወጣ ማንም ስለ እኔ እንዳያነብ» ብለው አደራ ስላሉ፣ የአክስታቸው ልጅና የጋዜጣው አራሚ የሆንኩት እኔ ቃላቸውን ጠብቄአለሁ። በጋዜጣችን ደንብ መስኮት ላይ የታረመ ነገር ወደ ኋላ አይመለስምና፣ ያረማችሁትን እንዳረማችሁት አነባለሁ።

ሁላችንም ጋሽ ለምን እያልን የምንጠራቸው ወንድማችን፣ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ለቤቱ ሁለተኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው፣ ዛሬ ወፍጮ ቤቱ በቆመበት ስፍራ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። በረቂቁ ላይ «ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ» ተብሎ ነበር፤ ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን ነርስ «አጠገቡ ሳይሆን እዚያው ነው፤ ቤቱ ዓይኔ እያየ ነው የፈረሰው» ብለው አርመውታል። አፋቸውን ከፈቱበት ቀን ጀምሮ ከጥያቄ በቀር የሚወጣቸው ነገር አልነበረም ይባላል፤ አባት ምስማር ሲመቱ «ለምን እዚህ?»፣ እናት ክር ሲመርጡ «ለምን ቀዩን?» እያሉ ወላጆቻቸውን ቁም ስቅላቸውን ሲያሳዩ፣ ሳይሰለቹ የሚመልሱላቸው ታላቅ ወንድማቸው ብቻ ነበሩ። ታላቅየው የሚያውቁትን ይመልሳሉ፤ የማያውቁትን ደግሞ ፈጥረው ይመልሳሉ። «ለምን» የሚለውን ስም ያወጡላቸውም እኚሁ ወንድማቸው ሲሆኑ፣ «ጋሽ» የሚለው ሽበት ሲመጣ የተጨመረ ነው።

ለትምህርት ሲደርሱም ያው ናቸው። አንድ ቀን መምህራቸው ወንዝ ሁሉ ወደ ባሕር ይፈስሳል ብለው ሲያስተምሩ፣ «ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ያለችውስ?» ብለው ጠየቁ፤ መምህሩም «ተቀመጥ» ስላሏቸው፣ በማግስቱ ደብተራቸውን ቤት ጥለው ወንዟን ተከትለው ሄዱ። መንደሩ ልጅ ጠፋ ብሎ ሲተራመስ፣ ታላቅ ወንድማቸው በአባታቸው ብስክሌት ደርሰው፣ ማዶ ካለው ከተማ ድልድይ ሥር ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ቆመው አገኟቸው፤ ከኋላቸው አፈናጠውም መለሷቸው። ሁለቱም እኩል ተገረፉ። ታላቅየው ለምን እንደተገረፉ ግን እስከ ዛሬ ግልጽ አይደለም።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ጋሽ ለምን በማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል በጸሐፊነት ተቀጠሩ፤ ወንድማቸው በበኩላቸው ማተሚያ ቤት ገብተው ሙያውን ተማሩ። ጋዜጣችን የተወለደው ከዚህ ነው፤ ታላቅየው ከሚሠሩበት የተጣለች፣ በእጅ የምትዞር አሮጌ ማተሚያ ጠግነው በአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት ጥግ ተከሉ፣ አባትም በየሳምንቱ የሚመላለሱትን ርዕሶች ከእንጨት ቀረጹላቸው፣ ታናሽየው እየዞሩ ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ ታላቅየው የማተሚያ ፊደል እየለቀሙ ይደረድራሉ፣ ያትማሉ። የፖስታ ቤቱ ሰዓት ለምን ሁልጊዜ ወደ ኋላ እንደሚቀር፣ አውቶቡስ መቆሚያው ላይ ያለውን ዛፍ ማን እንደተከለው፣ በዚያች ባለ ሁለት ገጽ ወረቀት አወቅን። ለመሆኑ ከዚያ በፊት ስለ ዛፉ ማን ጠይቆ ያውቃል! የሁለቱ ፍቅርም መንደሩን ያስቀና ነበር።

ነገር የመጣው በታላቅየው ሠርግ ሳምንት ነው። አባታቸው የቀረጿቸው «የደስታ መግለጫ» እና «የሐዘን መግለጫ» የሚሉት ርዕሶች አንድ መሳቢያ ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበርና፣ በሠርጉ ጥድፊያ መካከል ጋዜጣዋ ታትማ ስትወጣ፣ ሙሽራውና ሙሽራዪቱ ፈገግ ብለው ከቆሙበት ፎቶግራፍ በላይ «የሐዘን መግለጫ» የሚል በትልቁ ተጽፎ ተገኘ። ርዕሱን ብቻ አይተው ከሩቅ የመጡ ዘመዶች ሠርጉ ቤት ደረታቸውን እየደቁ ገቡ፤ የሙሽራዪቱ እናት ክፉ ምልክት ነው ብለው ራሳቸውን ሳቱ። የዛሬው ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ እኔም ከትናንት በስቲያ ማታ ስጽፈው ስቄአለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ማንም አልሳቀም። ወንድማማቾቹ ርዕሱን ከመሳቢያው ያወጣኸው አንተ ነህ፣ አንተ ነህ ተባባሉ፤ ያን ቀን ሁለቱም እጃቸው እስከ ክርናቸው በቀለም ተነክሮ ስለነበር የማን እጅ እንደሆነ የሚመሰክር አልተገኘም። ከዚያ ወዲያ ዓይንህን ላፈር ተባብለው ቀሩ። ታላቅየው ከመንገዱ ማዶ የራሳቸውን ማተሚያ ቤት ከፈቱ፤ ሁለቱም በየጠዋቱ ፊት ለፊት በር እየከፈቱ፣ እየተያዩ እንዳልተያዩ ሆነው አብረው ሸበቱ።

የመስኮቱ ደንብ የተጀመረው ከዚያ ቀጥሎ ባለው ሳምንት ነው። ጋሽ ለምን ከኅትመት አንድ ቀን ቀድመው ገጾቹን በቢሮው መስኮት ላይ በውጭ በኩል ለጠፉ፣ ቀይ እርሳስም በሲባጎ አስረው አንጠለጠሉ፤ ስሕተት ያየ ያርማል፣ ያረመ ሰው ደግሞ ማን እንደሆነ ከሥሩ ይጽፋል። ባለቤታቸውንም ያገኙት በዚሁ መስኮት ነው። የመድኃኒት ቤቷ ወይዘሪት ስለ መድኃኒት ቤቱ የመዝጊያ ሰዓት የተጻፈውን ሊያርሙ መጡ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሰዓቱ እንደገና ተሳስቶ ጠበቃቸው፤ በሚቀጥለውም እንዲሁ። በረቂቁ ላይ «ሆን ተብሎ መሆኑን ወይዘሪቷ ከተጋቡ በኋላ ደረሱበት» ብዬ ነበር፤ ባለቤታቸው ይህን ሰርዘው «ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አውቄ ነው የምመጣው» ብለው ጽፈዋል። ከጋብቻቸውም አንዲት ሴት ልጅ ወልደዋል፤ እሷም ዛሬ የጋዜጣው አዘጋጅ ናት፤ ጥያቄ የምታበዛ በመሆኗም አባቷን ለሚናፍቅ ሁሉ መጽናኛ ነች።

ጋሽ ለምን ሰው በሞተ ቁጥር ከቤተሰቡ ጋር ተቀምጠው «ሊያውቀው ፈልጎ ሳያውቀው የቀረ ነገር ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ ነበር። ፀጉር አስተካካያችን የሰው ማጅራት ሲያስተካክሉ ኖረው የራሳቸው ማጅራት ምን እንደሚመስል ይጓጉ እንደነበር የሰማነው ከእሳቸው ጋዜጣ ነው። የራሳቸው የጋሽ ለምን ጥያቄ ምን እንደነበር ግን መንደሩ በሙሉ ያውቃል፤ ያ ርዕስ በማን እጅ ወጣ? እንግዳ መንገደኛ አስቁመው የሚጠይቁ ሰው፣ ለዚህ ጥያቄ ሲሆን መንገድ ተሻግረው አንድ ሰው መጠየቅ አቃታቸው። በየሳምንቱ ገጾቹ በተለጠፉ ቀን መጋረጃውን ገለጥ አድርገው ማዶውን ያያሉ፤ የመጣ እንደሌለ ሲያውቁ መልሰው ይዘጉታል። አንጀት ይበላሉ።

ከዓመት በፊት የልብ ሕመም ጸንቶባቸው ሆስፒታል ገቡ። እዚያም ሐኪሙን ስለ ልባቸው ጠይቀው ስላልጠገቡ፣ ስለ ሐኪሙ ልብ መጠየቅ ጀምረው ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት፣ ሕመሙ ዳግም አልጋ ላይ ሲጥላቸው፣ እኔን አስጠርተው፣ «የሠርጉ ጋዜጣ ስሕተት የእኔ ነበር ብለህ ጻፍ» አሉኝ። «ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?» ስላቸው፣ «የለም፣ እርግጠኛስ አይደለሁም። የሚያርመኝ ካለ ግን መንገዱን ይሻገር» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከትናንት በስቲያ ከቀትር በኋላ፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጠው ሳለ፣ በሰባ ሦስት ዓመታቸው ዐረፉ።

እንዳዘዙኝም ጻፍኩ፤ «ስሕተቱ የእሳቸው ነበር» የሚለው ትናንት ጠዋት መስኮት ላይ ወጣ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የማዶው በር ተከፈተና ታላቅ ወንድማቸው በከዘራቸው እየተደገፉ መንገዱን ተሻገሩ። የቆመው ሰው ሁሉ መንገድ ለቀቀላቸው። መነጽራቸውን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡ፣ ሲጨርሱም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ፤ ከዚያም ቀይ እርሳሱን ይዘው «የእሳቸው» የሚለውን ሰርዘው «የእኔ» ብለው ጻፉ። እንግዲህ ስሕተቱ በረቂቁ የታናሽየው፣ በእርማቱ የታላቅየው ሆኗል፤ እውነቱ የቱ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ታላቅየውም እርግጠኛ መሆናቸውን የጠየቃቸው የለም። ጋሽ ለምን ቢኖሩ ኖሮ ግን አይለቋቸውም ነበር።

ጋሽ ለምን የሚወዷቸውን ባለቤታቸውን፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውንና ጋዜጣቸውን ትተው ሄደዋል። ወንድማቸው በዚህ ዝርዝር ይግቡ አይግቡ በሚለው ቤተሰቡ ተከራክሮ ስላልተስማማ፣ ረቂቁ እዚሁ ላይ ያበቃ ነበር። የቀረውን እንደታረመ አነባለሁ፤

«ታላቅ ወንድሙንም። አራሚ፦ ታላቅ ወንድሙ።»

ምንም የማይሰወረው ፈጣሪ ጥያቄያቸውን ሁሉ ይመልስላቸው፤ ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸው፣ ለልጅ ልጆቻቸውና ለታላቅ ወንድማቸው መጽናናትን ይስጥ። አሜን።