በጥር ሣር ማጠጣት

እህቴ ኢሽቤል፣ እንደምን አደርሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? ተመስገን ነው። የበግ ሥጋ ፓይ አንድ ስጪኝ፤ ጫፉ የጠቆረውን። የኳስ ጨዋታው ቢቀርም ፓዩ መጋገሩ አልቀረም፤ ሰውም ወረፋ መያዙን አልተወም። ከኋላዬ ማን እንዳለ አላይም፤ አንገቴ ደርቋል፣ አይዞርልኝም።

ዳኛው በጠዋት መጥቶ ሜዳውን በተረከዙ መታ መታ አደረገና፣ “ይህ የበረዶ መንሸራተቻ ነው” ብሎ ሄደ አሉ። አርባ ዓመት ሣሩን የጠበቀው አርኪ ሌኒም ውኃ ከፍቶ ረሳ ተባለ። ሰኞ የክለቡ ኮሚቴ ተሰብስቦ ሊያሰናብተው ነው። እኔ የምለው፣ በጥር ሣር የሚያጠጣ የኪልካረን ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? የእኛ ሰው በጥር ሜዳውን ያለብሰዋል እንጂ ያጠጣዋል?

ማጠጣትማ የተማረ ሰው ሥራ ነው። ኳሷ እንድትፈጥን ነው አሉ። ስፔን ድረስ ሄዶ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተምሮ... ስም አላነሳም፣ ስም ማንሳት ኃጢአት ነው። እኔ በአሥራ አራት ዓመቴ ትምህርት የተውኩት፣ ብርድ ሲመጣ ውኃ እንደሚረጋ የማውቀው ከድንቁርናዬ ነው።

አሠልጣኛችንን፣ ልጁን ግን እወደዋለሁ። ተከላካይ ሳለ ማን ይደርስበት ነበር? አጥቂው ባመለጠው ቁጥር እጁ ወደ ላይ! “ኦፍሳይድ ነው!” ጎል ሲገባ ደግሞ ያው እጅ ወደ በረኛው። ሃያ ዓመት ሙሉ እግሩ ደከመ እንጂ እጁ አልደከመም። የግላስጎው ትልቅ ክለብ ወሰደው፤ የተቀያሪዎች ወንበር ስድስት ዓመት ሙሉ እንደ እሱ ያለ ታማኝ አላየም። ከዚያ አውስትራሊያ ሄደ። በጣም ወደዱት... ወደውት ለእኛ መለሱልን። ነጭ ጫማውን አድርጎ አሠልጣኝ ሆኖ ሲመጣ አምላኬን አመሰገንኩ። አምስት ጊዜ በተከታታይ ስንሸነፍም አመሰገንኩ። ትሕትናን እንዲህ አድርጎ የሚያስተምር ሰባኪ እንኳ ከየት ይገኛል?

አርኪን ዛሬ ጠዋት ጠየቅኩት። “ልጁ ገና ጀማሪ አሠልጣኝ ነው፤ በእኔ ይለፍ” አለኝና ዝም አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይላሉ። በዚህ ብርድ ምን ዝንብ አለና ነው ሌላው አፉን የዘጋው? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ። ዳውላውን ራሱ ጭኖ አህያውን የሚወቅስ ግን... እንዲህ ያለው ብልህ የተማረ ቢሆን ነው።

እኔ ደግሞ ትናንት ከሰዓት በቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ላይ አሸንዳ ስጠርግ ነበር። ሜዳው ከላይ ሲታይ እንዴት ያምራል መሰለሽ! ቧንቧው ይታያል፣ የውኃው ጎማ ይታያል፣ ጎማውን ይዞ ወዲያ ወዲህ የሚል አዲስ ነጭ ጫማ ይታያል... አርኪ ነጭ ጫማ አድርጎ ያውቃል? እንጃ፣ ዓይኔም ደክሟል። ዓይኔ ደከመ እንጂ አፌ ሰኞ ድረስ ይበረታል። ግን ሰው ራሱ ቀድሞ ቢናገር አይሻልም? ጽሕፈት ቤቱ ክፍት ነው፤ የኮሚቴው ሰብሳቢም ውስጥ ነው።

ቆይ... ከኋላዬ የነበረው ሰው ወረፋውን ትቶ ሄደ እንዴ? ፓዩንም ሳይበላ? እስቲ እይልኝ፤ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ነው አይደል?

...ወደ መኪናው?

ይሁን። መኪናውም ይባረክለት። ከልቤ ነው የምጸልይለት፣ እህቴ። ዕድሜና ጤና ይስጠው፤ ፀጉሩ እስኪሸብት፣ ወገቡ እስኪጎብጥ አንድ ቤት በታማኝነት ያገልግል። ያን ጊዜ ደግሞ እግዚአብሔር በቸርነቱ፣ ልክ እንደ ራሱ ያለ አለቃ ይሹምለት። አሜን በይ እንጂ!