ከባልዲ የተረፈ ጀሶ

ሽማግሌው ለሳኝ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ቤት ሲለስኑ የኖሩ፣ እጃቸው የተባረከ ሰው ነበሩ። አሁን ደግሞ ልጃቸው የመውለጃዋ ቀን ስለ ደረሰ፣ ከሕፃኑ ጋር የምትተኛበትን ክፍል ኮርኒስ ጀሶ እየለሰኑ ነው። የወንድማቸው ልጅ ነፍሰ ጡሯን ልትጠይቅ ድንገት ብቅ ያለችው ይሄኔ ነው። ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ ታስተምራለች፤ እሳቸው ሲቀልዱባት «መምህርት» ይሏታል።

ስትገባ ባልዲው ውስጥ ያለው ጀሶ መጠንከር ጀምሮ ነበር። ሽማግሌው ውሃ ጠብ አደረጉበትና በእንጨት እንደገና ያማስሉት ጀመር።

«ጋሼ፣ እሱንማ ይድፉት» አለች፣ ገና በሩ ላይ እንደቆመች።

እግዜር የሰጠውን መድፋት ኃጢአት ነው አሏት። ድሮም ሲጠነክርባቸው በውሃ እያላሉ እንደሚሠሩበት ነገሯት። «ለመሆኑ አንቺ መሰላል ላይ ወጥተሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ሳቁባት። እሷም አብራ ሳቀች፣ ከዚያ ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አለች። ጀሶ የሚጠነክረው ስለ ደረቀ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳቻቸው፤ ውሃውን ከራሱ ጋር ያዋህድና ዓይን የማያያቸው እንደ መርፌ የቀጠኑ ነገሮች ያበቅላል፣ እነሱ እርስ በርስ ሲጠላለፉ ነው የሚበረታው።

«እኔም እኮ ውሃ ነው የጨመርኩለት።»

«የሚጠጣውን ጠጥቶ ጨርሷል፣ ጋሼ። ሲያማስሉት መርፌዎቹ ተሰባበሩ። ሹራብ በመቀስ ቆራርጠው ውሃ ውስጥ ቢዘፈዝፉት ተመልሶ ሹራብ ይሆናል?»

«ክሩ ግን ያው ነው።»

«ክሩማ ያው ነው። መያያዙ ነው የጠፋው።»

ትናንት አዝለው ያሳደጉት ልጅ ሲያርም ደስ አይልም፤ ልጅ ያሳደገ ያውቀዋል። እሷም አልተጫነቻቸውም። አዲስ ከሚበጠብጡት አንድ፣ ከባልዲው ከተረፈው አንድ፣ ሳሙና ሳሙና የሚያህል አድርገው መስኮቱ ላይ እንዲያደርቁ ብቻ ለመነቻቸው።

ሲደርቁ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት። አዲሱን በጥፍራቸው ቢፈትጉት እምቢ አለ። የተረፈውን በአውራ ጣታቸው ጫን ቢሉት መዳፋቸው ላይ ተፈረፈረ። ቀና ብለው ኮርኒሱን አዩ። እሷ ከሄደች በኋላ በላላው ጀሶ የለሰኑት ልክ አልጋው ከሚቆምበት ቦታ በላይ ያለውን ነበር።

ማንም ሳያዛቸው መሰላሉን አቁመው ያንን ጀሶ ፈቅፍቀው አወረዱት።

መምህርቷ ተመልሳ ስትመጣ በትንሽ ሳህን አዲስ ጀሶ እየበጠበጡ መሰላሉ ላይ ሲለስኑ አገኘቻቸው። «እንደ ሕፃን ምግብ ነው» አሉ ከላይ ሆነው፣ «የሚበላውን ያህል ብቻ። እንዲህ ከሆነ የሚደፋም የለ፣ የሚወድቅም የለ። ዕውቀትም ለካ የእግዜር ስጦታ ነው፤ እሱን ነበር ስደፋ የኖርኩት።»

ኮርኒሱ ሲደርቅ አልጋውን ወደ ቦታው ገፉና መጀመሪያ ራሳቸው በጀርባቸው ተጋደሙበት። በመጥረጊያው እንጨት ሽቅብ ኳ ኳ አደረጉ። አንዲት ፍርፋሪ አልወረደችም። «ተመስገን» ብለው ተነሱና ልጃቸውን ጠሯት።