መቶ ሃያ በሰማንያ

አባባ ደገፋ በዕድሜያቸው ለማንም ከአምስት በታች ሰጥተው አያውቁም። የሠፈሩ ነዋሪ ወክሏቸው በየሦስት ወሩ ጤና ጣቢያውን ይመዝናሉ፤ ለንጽሕናው አምስት፣ ለመድኃኒቱ አምስት፣ ለመሣሪያው አምስት ይሰጡና ይፈርማሉ። በዚህ ደግነታቸው ጤና ጣቢያው ሁለት ዓመት ሙሉ ከወረዳው አንደኛ ወጥቷል። የማዋለጃ ክፍሉ ውኃ ግን እስከ ዛሬ በጀሪካን ነው የሚገባው።

ለምዘናው አንድ ቀን ሲቀረው፣ መካኒሳ የጀሞ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ሳሉ ከኋላቸው ሰላምታ ሰሙ።

«እንደምን አደሩ አባባ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! ሶሬቲ ነሽ እንዴ? ዛሬ ሥራ የለም?»

ሶሬቲ የጤና ጣቢያው አዋላጅ ነርስ ናት። «አዳር ሠርቼ መውጣቴ ነው። ወደ እርስዎ ቤት ልመጣ ነበር፤ እንኳን አገኘሁዎት። ነገ ለመሣሪያ ስንት ሊሰጡን ነው?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። ነጥብ የሚለምን ሰው ዓይኑ ያስታውቃል። «እሱን አታስቢ ልጄ፤ አምስት ነው።»

«እባክዎ አንድ ይስጡን።»

አባባ ደገፋ ጆሯቸውን ያመኑት ስትደግመው ነው።

«ባከመኝ ሰው ላይ አንድ ብዬ ልጽፍ? ምን ዓይነት ባለጌ ነው ያደረግሽኝ? ገና ከበር ስገባ ከወንበር ተነሥታችሁ የምትቀበሉኝ እናንተ!»

«ለመነሣታችን ለብቻው አምስት ይስጡን። የደም ግፊት መለኪያው ግን አየር ያስወጣል፤ አይሠራም።»

«እንዴት አይሠራም? የእኔ ግፊት መቶ ሃያ በሰማንያ ነው። ሁለት ዓመት ንቅንቅ አላለም!»

ከፊታቸው የቆሙት ወይዘሮ ዙሌካ ዞር አሉ። ጎፋ ጨርቅ የሚሸጡ ጎረቤታቸው ናቸው፤ በአጠገባቸው የሚያልፍ ወሬ ሳይፈተሽ አያልፍም።

«የእኔም መቶ ሃያ በሰማንያ ነው» አሉ። «የባለቤቴም። የአማቴም፤ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው።»

እንዲህ ያለ ጤነኛ ሰልፍ በከተማው ታይቶ አያውቅም።

ሶሬቲ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «መለኪያው ሲበላሽ ሕመምተኛው ተሰልፏል፤ ካርዱን ባዶ መተው ደግሞ ያስጠይቃል። አንድ ቀን አንዳችን መቶ ሃያ በሰማንያ ብለን ጻፍን። በሳምንቱ ሁላችንም እንደዚያው። እኔም ጽፌያለሁ አባባ፤ አልዋሽዎትም።»

«ኧረ በስመ አብ! ታዲያ ለምን ለአለቆቻችሁ አትናገሩም?»

«ሁለት ጊዜ በደብዳቤ ጠየቅን። ‹ነዋሪው አምስት ከአምስት ለሰጠው መሣሪያ ምትክ አይጠየቅም› የሚል መልስ መጣልን። አንድ ገጽ አባሪ አለው።»

«የምን አባሪ?»

«የእርስዎ ፊርማ ኮፒ።»

አባባ ደገፋ በፊርማቸው ይኮሩ ነበር። ጎልማሶች ትምህርት ቤት ገብተው፣ አንድ ደብተር ሙሉ ተለማምደው ያገኟት ፊርማ ናት። አሁን ግን አፈሩባት። ያፈረ ሽማግሌ ደግሞ መቆጣቱ አይቀርም።

«ጥፋቱ የእኔ ሆነ በይኛ!»

«የእኔም ነው። ግን ሠራተኛ ሲናገረው ቅሬታ ይባላል፤ ነዋሪ ሲጽፈው ውጤት ይባላል። ቅሬታ ፋይል ውስጥ ይተኛል።»

«ቢዘጉትስ? ደገፋ ጤና ጣቢያ አዘጋ ልባል?»

«አይዘጋም። ከሦስት በታች ያገኘ ነገር ማን እንደሚያስተካክለው ስም፣ መቼ እንደሚያስተካክለው ቀን ይጻፍበታል። አምስት ያገኘውን ግን ዞር ብሎ የሚያየው የለም።»

«አላደርገውም!» አሉ አባባ ደገፋ። «ያከበረኝን አላዋርድም፤ አበቃ!»

ሶሬቲ፣ «ላምዎ የታመመች ጊዜ የመጣውን የእንስሳት ሐኪም ምን አደረጉት?» ስትል ጠየቀች።

«አባረርኩታ! በአጥር ላይ አይቷት፣ እጁን እንኳ ሳያሳርፍባት መድኃኒት ጻፈ!»

«እሱንስ ስንት ሰጡት?»

ወይዘሮ ዙሌካ ሳቃቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ያዙት። ሶሬቲ ግን አልሳቀችም።

«አባባ፣ ቢፍቱ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የልጅዎ ሚስት ናት፤ ካርዷ ላይ አራት ጊዜ መቶ ሃያ በሰማንያ ጽፈናል። ትናንት ሳያት ፊቷ አብጧል፤ ራሴን ይፈልጠኛል አለችኝ። ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄደሽ ተለኪ ብዬ ብለምናት፣ ‹አባባ የእኛ ጤና ጣቢያ አንደኛ ነው ብለዋል› ብላኝ ወደ ቤቷ ሄደች።»

ታክሲው መጣ። አባባ ደገፋ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰልፍ ጥሰው ገቡ፤ ሶሬቲ ተከተለቻቸው። ከሰልፈኛው አንድም ሰው አልተናገራቸውም።

የዚያን ዕለት ቢፍቱን ከቤቷ አውጥተው ሆስፒታል ወሰዷት፤ በገባች በሩብ ሰዓት ውስጥ ግፊቷ ተለካ። መቶ ሰባ በመቶ አሥር። ሐኪሙ ሳይውል ሳያድር አልጋ አስያዛት፤ «ሁለት ቀን ብትቆዩ ኖሮ…» ብሎ ጀመረና የሽማግሌውን ፊት አይቶ ተወው።

በማግሥቱ የጤና ጣቢያው አዳራሽ ሞላ። ምዘናውን የሚመራው የወረዳው ሰው ኤልያቄም ይባላል፤ ጊዜ ለመቆጠብ ሲል ቅጹን በአምስት ሞልቶ ነው የመጣው።

«አባባ፣ የቀረችው የእርስዎ ፊርማ ናት፤ እዚህች ጋ ይፈርሙልን።»

«መሣሪያ የሚለው ላይ አንድ ብለህ ጻፍ» አሉ አባባ ደገፋ።

«አንድ? ምን በደሉዎት?»

«አልበደሉኝም። ለአቀባበላቸው አምስት፤ እሱ ይገባቸዋል። ለመለኪያው አንድ።»

«ይህ እኮ የጤና ጣቢያውን ስም ያጎድፋል! በአንደኝነት ሪፖርት ልናደርግ ነው።»

«የልጄ ሚስት አልጋ ላይ ናት። ሪፖርትህን እዚያ ወስደህ አንብብላት!»

«እሺ፣ በሦስት እንስማማ። ይቀመጡ አባባ።»

«አንድ እስክትጽፍ አልቀመጥም! በእኔ ፊርማ የሰው ነፍስ ላይ ስትጫወቱ ከርማችኋል። ከእንግዲህ ሳላይ አልፈርምም፤ ስላከበርከኝም አልዋሽልህም!»

ወይዘሮ ዙሌካም ተነሡ። «የእኔንም አማት በእውነት ለኩልኝ!» ሌሎችም ካርዳቸውን እያወጡ ቆሙ። ከጥግ በኩል ሶሬቲ፣ «እኔም በእጄ የጻፍኩት አለ፤ ተጠያቂ ነኝ» አለች። ኤልያቄም አምስቱን ሰርዞ አንድ ጻፈ። አጠገቡም፣ እያላበው፣ የገዛ ስሙንና ቀን ጻፈበት።

አዲሱ መለኪያ በአሥራ ስምንተኛው ቀን መጣ። ትክክለኛነቱ በየወሩ ይፈተሻል፤ የተፈተሸበት ቀን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ያልተለካ ሰው ካርድ ላይ «አልተለካም» ተብሎ ይጻፋል። በሠፈሩ የግፊት ሕመምተኛ ቁጥር በአንድ ወር ከዜሮ ወደ ሃያ ሦስት አደገ። አንደኛዋ ወይዘሮ ዙሌካ ናቸው፤ አሁን መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ይወስዳሉ። የአማታቸው ግፊት ሲለካ መቶ ሃያ በሰማንያ ሆኖ መገኘቱን ግን እስካሁን ይቅር አላሉም።

ቢፍቱም በቀዶ ሕክምና ሴት ልጅ ወለደች፤ ሁለቱም ደኅና ናቸው።

በሚቀጥለው ምዘና ኤልያቄም አባባ ደገፋን በር ላይ ጠበቃቸው። «ከወረዳው ስምንተኛ አደረጉን እኮ አባባ» አለ።

«እውነተኛ ስምንተኛ ነን» አሉት። «አንደኛ መሆን ካማራችሁ ለማዋለጃ ክፍሉ ውኃ አስገቡ፤ የውሸት አንደኛ ካማራችሁ ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ፈልጉ። በል ዞር በል፤ መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን ነው የማየው።»