ፊቱን ያላዩት አሠሪ

ሐጂ ሙሀመድሰይድ ከአዲስ አበባ ባዶ እጃቸውን ተመልሰው አያውቁም። ሌላው ቢቀር ባዶ ጆንያ ጠቅልለው ይመጣሉ። ስለዚህ ያን ዕለት ቡታጅራ መናኸሪያ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከሚኒባስ ሲወርዱ ሳያቸው፣ ክፉ ነገር የደረሰ መሰለኝ። እኔ ለጡረታዬ ጉዳይ ወልቂጤ ደርሼ መመለሴ ነበር። ከሐጂ ጋር በአንድ አጥር የምንዋሰን ጎረቤታሞች ነን፤ እሳቸው የበርበሬ ነጋዴ፣ እኔ የቀድሞ መምህር። ሴት ልጃቸውን ሰልሚያንም አስተምሬያታለሁ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ሐጂ! ምነው፣ በደህና ነው?»

«ወዐለይኩም ሰላም፣ መምህር አምሀ። አልሐምዱሊላህ። አምስተኛ ፎቅ ፍለጋ ሄጄ መመለሴ ነው።»

«አገኙት ታዲያ?»

«ሕንፃው ባለ ሦስት ፎቅ ነው!»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸው ግን አልሳቁም። ባጃጅ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነገሩን አጫወቱኝ። ሰልሚያ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ቤት ከተቀመጠች ቆይታለች። በቴሌግራም አንድ ማስታወቂያ አግኝታ ብትጠይቅ፣ «ቤትሽ ቁጭ ብለሽ የደንበኞችን ስልክ እያነሳሽ ደሞዝ ትበያለሽ፤ መጀመሪያ ግን የምዝገባ ገንዘብ ላኪ» አሏት። ሐጂ ገንዘቡ ሳይላክ አድራሻውን ይዘው ገሰገሱ። ሕንፃው አለ፤ ፎቁ ግን የለም።

«ጠርጥር፣ ከገንፎም አለ ስንጥር!» አሉ የባጃጁን ብረት በመዳፋቸው እየመቱ። «እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ፊቱን ካላየሁት ሰው ጋር ሠርቼ አላውቅም። አሁን ደግሞ ሌላ ድርጅት አገኘሁ፣ ነገ በስልክ ይፈትኑኛል ትለኛለች። ዛሬ ቁርጡን እነግራታለሁ። ሪያድ ያለችው አክስቷ ሃሊማ ቪዛ እልካለሁ ካለች ሰንብታለች። ትሂድና ሰው ቤት ትሥራ። እዚያ ቢያንስ ሰው አለን።»

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። ተመርቃ፣ በሰው አገር የሰው ቤት ልትጠርግ! አፌን መያዝ ደግሞ ድሮም አልችልበትም።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሰልሚያ የምትሠራላትን የሪያዷን እመቤት ፊቷን አይተዋታል?»

«ሃሊማ ታውቃታለች።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ የት አይቻት!»

«እንግዲያው ፊቷን ላላዩዋት ሴት ልጅዎን ባሕር አሻግረው ይሰጣሉ። ፊቱን ላላዩት የአዲስ አበባ ድርጅት ግን፣ ልጅቷ እዚሁ ግቢዎ ውስጥ፣ እናቷ ዓይን ሥር ሆና ድምፅዋን ብቻ ብትሰጥ ይከለክላሉ። ይኼ ምን የሚሉት ጥንቃቄ ነው?»

«አንተ መምህር ነህ፤ ነገር ታሳምራለህ» አሉና ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። እንደተቀየሙኝ ገባኝ። ቢሆንም ከባጃጁ ስንወርድ «ግባና ውሃ ጠጣ» አሉኝ፤ ሐጂ ተቀይመውም ቢሆን እንግዳ በር ላይ አይመልሱም።

ግቢ ስንገባ ሰልሚያና እናቷ አሚኔ በርበሬ እየቀነጠሱ ነበር። ልጅቷ የአባቷን ፊት ስታይ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

«አባ፣ እንዴት ሆነ?»

«ሌቦች ናቸው! በቃ፣ ይኼ የስልክ ሥራ የሚሉት ነገር ሁለተኛ እንዳይነሳብኝ።»

«እኔም እኮ ጠርጥሬ ነው አድራሻውን የሰጠሁህ» አለች በትሕትና። «የነገው ግን ሌላ ነው። ማስታወቂያውን የላከችልኝ አብራኝ የተማረችው ናዝሬት ናት። እሷ እዚያ ተቀጥራ እየሠራች ነው። ክፈይ ያለኝ የለም። የጽሑፍ ፈተናውን አልፌያለሁ፤ የቀረኝ የድምፅ ፈተና ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ብቻ ነው የሚፈልጉት። የእንግዳውን ክፍል ለአንድ ሰዓት ክፈትልኝ።»

«ናዝሬትም እንዳንቺው ልጅ ናት። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ደግሞ የእንግዳውን ክፍል ነው የምትዪኝ?»

እዚህ ላይ አንባቢዬ አንድ ነገር ይወቅልኝ። በሐጂ ቤት የእንግዳ ክፍል ማለት የቤቱ ክብር ነው። ምንጣፉ ተነጥፎ፣ መከዳው ተደርድሮ፣ በሩ ተቆልፎ እንግዳ ይጠብቃል። ቁልፉ ከሐጂ ኪስ አይወጣም። የቤቱ ልጆች እዚያ ቁጭ ብለው አያውቁም። ሌላው ክፍል ሁሉ ደግሞ የሕፃናት ጫጫታ፣ የቴሌቪዥን ጩኸት፣ የገበያተኛ ጥሪ ነው። የቤቱ ጸጥታ በሙሉ ላልመጣ እንግዳ ተቆልፎበት ይኖራል ማለት ነው። ይኼ ነገር ሁልጊዜ ያናድደኛል።

አሚኔ ለመነች፤ እኔም አገዝኳት። ሐጂ ጥቂት አሰቡና «እሺ፣ መጋዘኑን ልስጣት» አሉ። «ጆንያ ድምፅ ይውጣል። መንገደኛም አይሰማትም፤ ሰውም አያማንም።»

በማግስቱ ሰልሚያ በርበሬ መጋዘን ውስጥ በጆንያ መሀል ተቀመጠች። እኔና ሐጂ ከበሩ ውጭ ቆምን። እኔ ለማበረታታት፣ እሳቸው ለመሰለል። ፈታኟ ሴት ናት፤ ድምፅዋ ከስልኩ ጥርት ብሎ ይሰማል። የተናደደች ደንበኛ መስላ ትጮኻለች፦

«ዕቃዬ የት ደረሰ? ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቅኩ ነው!»

«በጣም ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ እመቤቴ። የትዕዛዝ ቁጥርዎን ቢነግሩኝ አሁኑኑ አጣርቼ... እን... እንጥሽ!»

«የርሐሙኪላህ!» አሉ ሐጂ ከበሩ ውጭ፣ ገበያ ላይ እንደለመዱት በሙሉ ድምፃቸው።

ክንዳቸውን ያዝኩ። ወዲያው ሁለተኛው እንጥሽታ መጣ፤ ከዚያ ሳል፤ ከዚያ እንጥሽታው ማቆሚያ አጣ። ሐጂም አንዱንም ሳይመርቁ አላለፉም። ፈታኟ ማስመሰሏን ተወች።

«ሰልሚያ፣ ድምፅሽም ትዕግሥትሽም ጥሩ ነው» አለቻት። «ከዚህ ቦታ ግን መሥራት አትችዪም። ረቡዕ እንደገና እደውልልሻለሁ። ጸጥ ያለ ክፍል ካላገኘሽ ቦታውን ለሌላ እንሰጣለን።»

ሰልሚያ ዓይኗ በርበሬ መስሎ ወጣች። ግማሹ ከበርበሬው ነው፤ ግማሹ ከልቅሶ።

«ሪያድ ልትልከኝ ከሆነ ላከኝ፣ አባ» አለች። «ግን ሞክሬ ወድቄ ልሂድ። ሳልሞክር አትስደደኝ።»

ሐጂ ነገሩ ቢከብዳቸውም ወዲያው እጅ አልሰጡም። ተናደው በአፍ መፍቻቸው በመስቃንኛ ጀመሩና እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ መለሱት። «እኔ የማንም ጠላት አይደለሁም! ልጄ ክፍል ዘግታ ቀኑን ሙሉ ከማላውቀው ወንድ ጋር ስታወራ ሰፈሩ ምን ይላል? እኔ ራሴስ ምን ብዬ አምናለሁ? የሚደውለው ማን እንደሆነ በምን አውቃለሁ?»

«እውነትዎን ነው፤ መጠርጠሩን አልነቅፍም» አልኳቸው። «የመጀመሪያዎቹን ሌቦች የያዘልን የእርስዎ ጥርጣሬ ነው። ነገር ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆነብዎ። ያኛውን ሄደው አጣርተው ነው ሌባ ያሉት፤ ይኼኛውን ሳያጣሩ ፈረዱበት።»

ሰልሚያ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ ቀረበች። «አባ፣ የማታውቀው ነጋዴ መጥቶ ብዙ በርበሬ በእምነት ስጠኝ ቢልህ ምን ታደርጋለህ?»

«እሱን አልጠይቀውም። ስለ ራሱ ክፉ የሚናገር ማን አለ? ጎረቤቱን ነው የምጠይቀው። ዘበኛውን፣ ተሸካሚውን፣ ደጁ ላይ ሻይ የምትሸጠዋን።»

«ይኸው አድራሻቸው። ሂድና ጎረቤታቸውን ጠይቅ። መጥፎ ከሆኑ ሁለተኛ አላነሳብህም፤ የሃሊማን ቪዛ እቀበላለሁ። ደህና ከሆኑ ግን ቁልፉን ትሰጠኛለህ።»

ሐጂ ልጃቸውን ትክ ብለው አዩዋት። ሳያውቋት የኖሩትን ነጋዴ ቤታቸው ውስጥ ያገኙ መሰሉ። «ረቡዕ ሳይደርስ እመለሳለሁ» አሉ።

እኔም ነገሩን ጀምሬ ልተወው ስላልቻልኩ አብሬያቸው ሄድኩ። ሕንፃው አለ፤ ፎቁም አለ። ሐጂ ግን አልወጡም። መጀመሪያ ደጁ ላይ ሻይ ከምትሸጠው አሰፋሽ ከምትባል ሴት ዘንድ ተቀመጡ። ሻይ አዘዙ፤ አወደሱ፤ ደገሙ። ከዚያ በዝግታ ጀመሩ።

«እነዚህ ላይኞቹ፣ ልጆቻቸው እዚህ ሻይ ይጠጣሉ?»

«ይጠጣሉ እንጂ።»

«ሲጠጡ አለቆቻቸውን ምን ብለው ያማሉ?»

አሰፋሽ ሳቀች። «አባባ፣ ምን የማያሙት አለ! ማርፈድ አያስችሉም ይላሉ፤ ስብሰባ ያበዛሉ ይላሉ።»

«ደሞዝ ከለከሉን፣ ሴት ልጅ ደፈሩብን የሚል ሐሜትስ?»

«ኧረ እሱንስ ሰምቼ አላውቅም።»

ዘበኛውንም ጠየቁ። ጎን ያለውን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅም ጠየቁ። ከዚያ በኋላ ነው ደረጃውን የወጡት። አንዲት ሥነ ሥርዓት ያላት ኃላፊ ተቀበለችን። ክፍሉ ውስጥ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉት፤ ሐጂ ዓይናቸው ባዶ ወንበሮቹ ላይ አረፈ።

«ሠራተኞቻችሁ የት አሉ?»

«ብዙዎቹ በየቤታቸው ናቸው፣ አባቴ። ሆሳዕናም አሉ፣ ደሴም አሉ።»

«ልጄ ስታወራ ማን ይሰማታል?»

«ጥሪው በሙሉ ይቀረጻል፤ ተቆጣጣሪዋ ታዳምጣለች። ደንበኛው ስልክ ቁጥሯንም አድራሻዋንም አያይም። የሚሳደብ ወይም የሚያባብል ካለ አስጠንቅቃ ትዘጋበታለች። ለዚህ ማንም አይቆጣትም።»

«እዚህ አገር ሥራ ፈላጊ ሞልቶ፣ ቡታጅራ ድረስ የሄዳችሁት ለምንድን ነው?»

«ጉራጊኛም ስልጢኛም ለሚናገሩ ደንበኞች የሚመልስ ሰው አጥሮን ነው፤ ሰልሚያ ደግሞ ሁለቱንም ትችላለች። አማርኛ አልገባ ብሏቸው ስልኩን የሚዘጉ እናቶች ብዙ ናቸው።»

ሐጂ ኃላፊዋን አመስግነው ተነሡ። እስከ ቡታጅራ ድረስ እኔ እንኳ ምክር አልጨመርኩም፤ ሚስቴ ይህን ብትሰማ አታምንም።

ግቢ ሲደርሱ ኪሳቸውን ዳብሰው ቁልፉን አወጡ። «ምንጣፉ ላይ ምንም እንዳታፈሺበት» ብለው ሰጧት። ሰልሚያ እጃቸውን ይዛ ሳመች፤ አሚኔ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ አለቀሰች።

ረቡዕ ተፈተነች፤ አለፈች። ውሉን ሐጂ ጠየቁኝና ቃል በቃል አነበብኩላቸው፤ የሥራ ሰዓቱ፣ ዕረፍቱ፣ የጡረታ መዋጮው ሳይቀር ተጽፏል። ኮምፒውተሩንና የጆሮ ማዳመጫውን ድርጅቱ ላከ። መብራት ሲጠፋ እንዳትቋረጥ ሐጂ ራሳቸው ባትሪ አስገጠሙ። አንዲት የስልጤ አሮጊት በቋንቋቸው ሲመለስላቸው «አላህ ያሳድግሽ» እያሉ ከማዳመጫው አልፎ በሚሰማ ድምፅ ሲመርቋት ሐጂ የሰሙ ዕለትማ ደጁ ላይ ቆመው «አሚን» አሉ፤ ይኼኛውን ግን በሹክሹክታ።

የሐጂን መለወጥ በሙሉ ልቤ ያመንኩት ግን ወር ያህል ቆይቶ ነው። እኔ ግቢያቸው ሳለሁ የአሚኔ ታላቅ ወንድም አብዱልሃፊዝ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከወልቂጤ ሳይታሰብ ከች አለ። አማች ነው፤ ታላቅ ነው፤ ሽማግሌ አስከትሏል። እንዲህ ላለው ቀን ነበር ያ ክፍል የተቆለፈው። አብዱልሃፊዝም እንደ ልማዱ በቀጥታ ወደ በሩ አመራ። ሰልሚያ ውስጥ ናት፤ ሥራ ላይ ናት።

ሐጂ ቀድመው በሩ ላይ ቆሙ።

«ዛሬ ክፍሉ ተይዟል። እዚህ በረንዳው ላይ እንቀመጥ።» ምንጣፍ አስመጥተው በገዛ እጃቸው አነጠፉ። ፊታቸው በላብ ወርዝቶ ነበር። ለሳቸው ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

«ማን እንግዳ ቢመጣብህ ነው እኔን በረንዳ ላይ የምታስቀምጠኝ?» አለ አብዱልሃፊዝ ተከፍቶ። ከዚያ ጆሮውን አቀና። «የሰልሚያ ድምፅ ነው። ከማን ጋር ነው እንዲህ እየተለማመጠች የምታወራው? ሐጂ፣ ልጅህን ምን ነክቷታል?»

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ ሐጂ በእጃቸው ገቱኝ።

«እኔም እንዳንተ ጠርጥሬ ነበር፤ ከዚያም ሄጄ አጣራሁ» አሉ። «ሥራ ላይ ናት። ዕቃ የጠፋባቸውን፣ ያልገባቸውን ሰዎች በስልክ ትረዳለች። ሪያድ ልልካት ነበር፤ አሁን ግን ቁርሷን ከእናቷ ጋር በልታ ሥራ ትገባለች፤ ስትጨርስ ራቷን ከኛ ጋር ትበላለች። በትምህርቷ ነው የምትሠራው። በኛ ቋንቋ ደሞዝ ይበላል ብሎ ማን ነገረን? ሲከፋት ፊቷን አያለሁ፤ ሪያድ ብትሆን ማን ያይላታል? የሚደውልላት ሰው ፊት አይታየኝም፤ የልጄ ፊት ግን በየቀኑ ይታየኛል። እናንተ ወንድሞቼ ናችሁ። ብትቀየሙኝ ነገ መጥቼ እታረቃችኋለሁ። የደወለው ሰው ግን አንዴ ከዘጋ የት አገኘዋለሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው ጫማውን አወለቀና በረንዳው ምንጣፍ ላይ ተቀመጠ። አብዱልሃፊዝ ግን ቆሞ ቀረ። የሱም ልጅ ሃፊዛ ተመርቃ ቤት መቀመጧን ሁላችንም እናውቃለን። ቅያሜውን ለመተው ጥቂት ታገለ፤ ከዚያ ሐጂ አጠገብ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«እና ይኼን ሥራ» አለ ጮክ ብሎ፣ «እንዴት ነው የሚያገኙት?»

ሐጂ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«መጀመሪያ ድምፅህን ቀንስ» አሉት። «ከዚያ እነግርሃለሁ።»