የካባው ፊደልና የጃፓኑ ገመድ

ስሕተት በደጄ አያልፍም የሚል አንባቢ ይህን ታሪክ ቢተወው አንቀየመውም፤ ለሌሎቻችን ነው የተጻፈው።

ከዘጌ የመጣችው ጀልባ ባሕር ዳር ስትደርስ መሪጌታ ኃይለ ገብርኤል ትልቅ ጥቅል ታቅፈው ወረዱ። ዜማ ማስተማሩን ለወጣቶች ትተው፣ በባሕር ዳሩ ግሽ አባይ ሰፈር የካህናት ካባ የሚያሰፉ የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው። የጎረቤታቸው ልጅ ትንቢት፣ ኮሌጅ የምታስተምረው፣ እንግዳ ሸኝታ ስትመለስ አገኘቻቸውና እጅ ነሥታ ጥቅሉን ተቀበለቻቸው።

ምን እንደ ገጠማቸው ስትጠይቃቸው አልደበቋትም። አንድ ገዳም ለኪዳነ ምሕረት በዓል ያዘዘው ሃያ ካባ ተመልሶባቸዋል። በጀርባው ላይ «ሰአሊ ለነ» ተብሎ እንዲጠለፍ ነበር የታዘዘው፤ «ለምኚልን» ማለት ነው። የተጠለፈው ግን በንጉሡ ሠና በዐይኑ ዐ ሆኖ «ሥዕል ሣዪልን» የሚል ልመና ወጥቶታል። በዓሉ ስምንት ቀን ቀርቶታል፤ ካልደረሰ የአርባ ዓመት ስማቸው ውኃ በላው።

«አበምኔቱ ስቀው ሸኙኝ፤ ከቁጣ ይልቅ ሳቃቸው ገደለኝ» አሉ።

ትንቢትም ሳቋን ዋጥ አድርጋ የዚያን ዕለት ያስተማረችውን አጫወተቻቸው። ትምህርቷ ኦፕሬሽን ማኔጅመንት ይባላል፤ ሥራ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ እንዴት እንደሚመራ በውጭ አገር ድርጅቶች ምሳሌነት ታስተምራለች። በአንድ የጃፓን መኪና ፋብሪካ ከሠራተኞቹ አጠገብ ገመድ ተዘርግቷል፤ ጉድለት ያየ ሁሉ ይስበዋል፤ አለቃው ይመጣል፤ ካልተስተካከለ ሥራው ይቆማል።

«ልጄ፣ እኛ ካባ እንጂ መኪና አንሰፋም። ደግሞስ ሁሉም እየተነሣ ካስቆመ መቼ ሊያልቅ ነው? ሥራ የሚታየው ሲያልቅ ነው።»

«መቆሙ ጊዜ መብላቱ እውነት ነው፣ አባቴ። ግን ደቀ መዝሙር ዜማ ሲስት፣ አዚሞ እስኪጨርስ ይጠብቁታል?»

«ምን ሲደረግ! እዚያው አስቆመዋለሁ። ስሕተቱን ከለመደው በኋላ ማን ይነቅልለታል?»

«ታዲያ ለዜማው ያወቁበትን ለካባው ምነው ነፈጉት?»

መሪጌታ ጥቅሉን ከእጇ ተቀብለው ወደ ቤታቸው ፈጠኑ። የሩቅ አገር ትምህርት አንዱ ጥቅሙ፣ እቤታችን ያለውን ዕውቀት እያሳየ ማሳፈሩ ነው።

ሠራተኞቻቸውን ሰብስበው ስሕተቱን ያየ እንዳለ ጠየቁ። ሁሉም አቀረቀረ። በኋላ ጠላፊዋ አገርነሽ፣ የቄስ ልጅ ናት፣ ቀና አለች።

«እኔ ከመጀመሪያው ካባ ጀምሬ አየሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ንድፉን የጻፉት እርስዎ ነዎት። መሪጌታን ፊደል ላርም? ፈራሁ።»

እውነቷን ነበር። መሪጌታ ያለ መነጽር፣ ከእንግዳ ጋር እያወጉ ነበር የጻፉት፤ መንገዱን ሁሉ ጥፋተኛ ሲፈልጉ የመጡት ራሳቸውን ኖሯል። መጀመሪያ አፈሩ፤ ከዚያ ነጠላቸው እስኪወድቅ ሳቁ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኔ ቅጠል ይዛ የቆመችውን አስፈራርቼ ቤቴን አቃጠልሁ» አሉ።

በዚያው ቀን ከመቁረጫው ጠረጴዛ በላይ የበቅሎ ቃጭል ሰቀሉ፤ ጉድለት ያየ ሁሉ እንዲደውል አዘዙ። ሁለቱ ፊደላት ከሃያው ካባ እየተተረተሩ እንደ አዲስ ተጠለፉ። ቃጭሉ አሥራ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ሁለቱ በመሪጌታ በራሳቸው ላይ ነበሩ። በየጊዜው ሥራው ጥቂት ይቆማል፤ ነገር ግን የተበላሸ ወደ ሌላ እጅ አላለፈም፤ ጨርቅም ክርም አልባከነም፤ አንገታቸውን ደፍተው ይሰፉ የነበሩትም እየተሳሳቁ መመካከር ያዙ። በስድስተኛው ቀን ሥራው አለቀ።

መሪጌታ ካባዎቹን ጀልባ ላይ ሲያስጭኑ ትንቢትን አስጠሯት።

«ተማሪዎችሽን አምጪልኝ። ከጃፓኑ ቀጥለሽ የግሽ አባዩን አስተምሪያቸው። የተሳሳተው መሪጌታው መሆኑን ግን እንዳትደብቂ፤ ትምህርቱ እሱ ላይ ነው።»