ከዓደን የመጣው የአዴ ዘይነባ ደብዳቤ

ጎረቤቴ አዴ ዘይነባ ከዓደን የመጣ ደብዳቤ ይዘው ገቡ። ወንድ ልጃቸው እዚያ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራል፤ መጻፍ ስለማይችል ህንዳዊው የሱቁ ጸሐፊ ቃሉን ተቀብሎ «እንዲህ ሲል ተናገረ» እያለ በእንግሊዝኛ ጽፎለታል። እኔ እስክዳር ድረስ ከአንዲት ፈረንጅ ዘንድ እንግሊዝኛ ተምሬ ነበርና ሰፈሩ አዋቂ ያደርገኛል።

«ቶሎ በይ ልጄ» አሉኝ። «ለእህቱ ኒካህ ይመጣል ወይ? አባቷ የለ፣ የሚድራት እሱ ነው። ካልመጣ አጎቷን ልለምን።»

እንግሊዝኛ ላይ «ተናገረ» ከተባለ በኋላ «ይመጣል»ም «ይችላል»ም ያለፈ ነገር መስለው ይጻፋሉ። አስተማሪዬ ይህን ማስረዳት በጀመረችበት ሳምንት ነው የተዳርኩት። መምጣቱ ቀርቶ ይሁን ገና የሚጠበቅ፣ ልጄን ትከሻዬ ላይ እንደያዝኩ ጣቴን መስመሩ ላይ አድርጌ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ «ከቻልኩ እመጣለሁ ብሏል፤ ተስፋ አለው» አልኳቸው።

«ምን አመጣለሁ አለ?»

«እሱን አልጻፈም።»

አዴ ዘይነባ ሳቅ አሉ። «እንግዲያው አይመጣም። ልጄን አላውቀውም? የሚመጣ ሲሆን ሽቶውን፣ ሻሹን፣ ተምሩን ይቆጥራል።» ደብዳቤውን አጥፈው ወደ አጎትየው ሊሄዱ ተነሡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው «ያንቺው ባልስ ጅቡቲ ሲሄድ ምን አለሽ?» አሉኝ።

«ሲመቸኝ እመጣለሁ አለኝ።»

«ለልጁስ ምን አመጣለሁ አለ?»

ልጄን ከአንዱ ትከሻዬ ወደ ሌላው አዛወርኩት። አዴ ዘይነባም የአጎትየውን ነገር ትተው ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡ።